የድሮ የጠፈር ጀብዱ ፊልም ሳሎን ውስጥ አሰናድቶ ማየት፦ ከአቡጄዲው እስከ በረካው

«የድሮ የሮኬት ፊልም ሰው ሰብስበን ከፈትን፤ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ሁሉም ስልኩን አወጣ። ምን አጠፋን?» ይህን ጥያቄ ደጋግመው ስለሚጠይቁን መልሱን በቅደም ተከተል ጽፈነዋል። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ዝግጅቱ ላይ ነው። ምስሉ ተለጥጦ ሰው ሁሉ ወፍራም ሆኗል፣ ንግግሩ አይሰማም፣ ምን መመልከት እንዳለበት ለተመልካቹ የነገረው የለም። የካርቶን ሮኬት፣ የቆርቆሮ ሮቦትና የሚያብለጨልጭ መዘውር ያለበት ፊልም ሲዘጋጁለት በጣም ያዝናናል፤ ሳይዘጋጁለት ግን ይሞታል።

መመሪያው ከ6 እስከ 8 ሰው ለሚይዝ የመሀል አዲስ አበባ ሳሎን ነው፤ የልደታ ኮንዶሚኒየምም ሆነ አራት ኪሎ አካባቢ ያለ የግቢ ቤት። ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር፣ የፊልሞቹን ዓመት በፈረንጆቹ ጽፈናል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ፕሮጀክተር፣ ከ200 እስከ 300 አንሲ ሉመን (የብርሃኑ ጉልበት መለኪያ ነው)። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈውን «ሺህ ሉመን» አትመኑ፤ «አንሲ» (ANSI) የሚል ቃል ያለበትን ቁጥር ፈልጉ። ፕሮጀክተር ከሌለ ቴሌቪዥን ይበቃል።
- ቪኤልሲ (VLC) የተባለው የፊልም ማጫወቻ የተጫነበት ላፕቶፕና ኤችዲኤምአይ ገመድ
- ነጭ አንሶላ ወይም አቡጄዲ፣ ቢያንስ 2.20 በ1.40 ሜትር፣ መሀሉ ላይ ስፌት የሌለው
- 5 ሜትር ሲባጎ፣ 10 የልብስ መቆንጠጫ፣ ከአንሶላው ወርድ ጋር እኩል የሆነ ቀጭን የመጋረጃ ብረት
- አንድ ስፒከር (ሁለት አያስፈልግም፣ ምክንያቱን ከታች ታያላችሁ) እና 5 ሜትር ባለጃክ ገመድ
- ዲቫይደር፣ የባትሪ መብራት፣ ለመስኮት የሚሆን ወፍራም ብርድ ልብስ
- 120 ግራም የፈንድሻ በቆሎ፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ በደንብ የደቀቀ ጨው
- ቡና ከነሙሉ ዕቃው

1. ፊልሙን ከሦስት ቀን በፊት ምረጡ

ለመጀመሪያ ጊዜ ከ70 እስከ 85 ደቂቃ የሚሄድ ፊልም ውሰዱ። የ1950ዎቹ ርካሽ የጠፈር ፊልሞች አብዛኞቹ እዚህ ውስጥ ይወድቃሉ። ከዚህ የረዘመው መሀሉ ላይ ወሬ ይበዛበታል፤ ያልለመደ ሰው የሚያመልጣችሁ እዚያ ነው።

ጭራቅ የሚወድ ቤተሰብ ከሆነ የ1957ቱን «20 ሚሊዮን ማይልስ ቱ ኧርዝ» ያዙ። 82 ደቂቃ ነው፣ ጥቁርና ነጭ ነው፤ ከቬነስ የመጣውን ፍጡር ሬይ ሃሪሃውሰን በአሻንጉሊት ፍሬም በፍሬም፣ ማለትም እያንዳንዷን ነጠላ ምስል ለየብቻ እያነሳ፣ አንቀሳቅሶታል። ቀለምና ሮቦት የሚፈልግ ቤት የ1956ቱን «ፎርቢደን ፕላኔት» ይክፈት፤ 98 ደቂቃ ስለሆነ ግን ቡናው በሰዓቱ መድረስ አለበት። ጊዜ የሌለው የ1936ቱን «ፍላሽ ጎርደን» በክፍል በክፍል ይየው። 13 ክፍል ነው፣ እያንዳንዱ 20 ደቂቃ ገደማ ይሆናል። አምስቱን በአንድ ምሽት አትደርድሩ። እያንዳንዱ ክፍል ጀግናው ገደል አፋፍ ላይ ሳለ እንዲቆምና ተመልካቹ ሳምንት እንዲጠብቅ ሆኖ የተሠራ ነው። በአንዴ ከታየ ያው ገደል ይደጋገምና ያሰለቻል።

የዘገየ እንግዳ ስለማይጠፋ ማሟሻ ያዙ። የጆርጅ ሜልየስ የ1902 የጨረቃ ጉዞ ሩብ ሰዓት ገደማ ነው፤ ድምፅ አልባ ስለሆነ ትርጉም አይፈልግም፣ መሀል የገባም ሰው ወዲያው ይገባዋል።

2. ኮፒውን ፈትሹ

ፊልሙን አስቀድማችሁ አውርዱ። በምሽት ኔትወርክ ላይ ተማምኖ ሰው መጥራት አያዋጣም። በፍላሽ ቴሌቪዥን ላይ የምትሰኩት ከሆነ ፋይሉ ከ4 ጊጋባይት እንዳይበልጥ፤ ብዙ ቴሌቪዥኖች የሚያነቡት ፋት32 የተባለውን አሠራር ነው፣ እሱ ደግሞ ከዚያ በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም።

ከዚያ አንድ ክብ ነገር ያለበት ትዕይንት ፈልጉ፦ ፕላኔት፣ የጠፈርተኛ ቆብ፣ ክብ የመለኪያ ሰዓት። ክቡ እንደ እንቁላል ተጋድሞ ከታየ ምስሉ ተለጥጧል። እስከ 1950ዎቹ መጀመሪያ የተሠሩት ፊልሞች ወርዳቸው ከቁመታቸው በሲሶ ያህል ብቻ ይበልጣል። የዛሬ ስክሪን ረጅም ስለሆነ ግራና ቀኙ ጥቁር ሆኖ መቅረት አለበት። «ስክሪኑን አልሞላም» ብሎ የሚለጥጥ ሰው ሮኬቱን ድንች ያደርገዋል። ቪኤልሲ ላይ ኤ (A) የተባለችውን ፊደል ደጋግማችሁ ተጫኑ፤ ክቡ ክብ ሲሆን አቁሙ። ቴሌቪዥን ላይ ከሆነ የምስል መጠኑን 4:3 ወይም «ኦሪጅናል» አድርጉት።

ቀለም የተቀባ ጥቁርና ነጭ ኮፒ ካገኛችሁ ተዉት። የሥዕል ዳራው፣ የአሻንጉሊቱ ከተማና ተዋናዩ አንድ ላይ የተዋሐዱት ግራጫ ስለሆኑ ነው። ቀለም ሲቀባባቸው ይለያያሉ፣ መጋጠሚያውም ያለቦታው ይታያል።

3. ሰብታይትሉንና ተርጓሚውን አዘጋጁ

የሰብታይትሉ ፋይል ስም ከፊልሙ ስም ጋር ፊደል በፊደል አንድ ይሁን፤ ያኔ ማጫወቻው ራሱ ያገኘዋል። የአማርኛ ሰብታይትል ከሆነ በዩቲኤፍ-8 አስቀምጡት፣ በላፕቶፕም አጫውቱት። ብዙ ቴሌቪዥኖች የግዕዝ ፊደል ስለሌላቸው አራት ማዕዘን ሳጥን ብቻ ይደረድራሉ። ጽሑፉ ከንግግሩ ከቀደመ ቪኤልሲ ላይ ኤች (H)፣ ከዘገየ ጂ (G) ተጫኑ፤ እያንዳንዱ ጫና 50 ሚሊሰከንድ ያንቀሳቅሳል።

እንግሊዝኛ የማይከተሉ እማማ ወይም ጋሼ ካሉ አንድ ተርጓሚ ሰይሙ፤ አንድ ብቻ። እንደ ትርጉም ፊልሞቹ እያንዳንዱን ቃል አያሳድድ። ተናጋሪው ሲጨርስ በአንድ ዐረፍተ ነገር «ነዳጁ አልቋል፣ ሊወድቁ ነው» ይበል፣ ይበቃል። አጠገባቸው ይቀመጥ። ተርጓሚ ካልተሰየመ ሁሉም ለጎረቤቱ ማስረዳት ይጀምርና ፊልሙ አይሰማም።

4. አንሶላውን ስቀሉ፣ ፕሮጀክተሩን አስቀምጡ

አንሶላውን ተኩሱ። የአንሶላ እጥፋት በጠፈር ላይ ቀጥ ያለ መስመር ሆኖ ይታያል፣ ሰውም ከፊልሙ ይልቅ እሱን ያያል። ሲባጎውን ከሁለት ሚስማር ወጥራችሁ እሰሩ፣ አንሶላውን በየ25 ሴንቲሜትሩ ቆንጥጡ፣ ታችኛውን ጫፍ በመጋረጃው ብረት ጠቅልሉት፤ ክብደቱ ይወጥረዋል። ግድግዳ ተጠግቶ ይሰቀል። ከኋላው ክፍት ከሆነ ብርሃኑ ያልፋል፣ ምስሉም ይደበዝዛል።

ርቀቱን በግምት አትሥሩት። ፕሮጀክተሩ መግለጫ ላይ «ትሮው ሬሾ» የሚል ቁጥር አለ፤ የምትፈልጉትን ወርድ በዚያ አባዙት። ቁጥሩ 1.2 ከሆነና 2 ሜትር ወርድ ከፈለጋችሁ 2.40 ሜትር ርቀት ያስፈልጋል። 2 ሜትር ወርድ ሲኖር ቁመቱ 1.12 ሜትር ይሆናል፤ የድሮው ባለ 4:3 ፊልም ከዚያ ውስጥ 1.50 ሜትሩን ብቻ ይይዛል። እንደ «ፎርቢደን ፕላኔት» ያለ ሲኒማስኮፕ (በጣም ሰፊ ምስል ያለው ፊልም) ደግሞ ወርዱን ሁሉ ሞልቶ ቁመቱ 85 ሴንቲሜትር አካባቢ ይቀራል። ሁለቱም ትክክል ነው።

ፕሮጀክተሩን ከአንሶላው ፊት ለፊት ቀጥ አድርጉት። አጋድማችሁ አስቀምጣችሁ «ኪስቶን» በሚባለው ማስተካከያ ማቃናት ይቻላል፤ ነገር ግን ጥራቱን ይበላል። ከሥሩ መጽሐፍ መደርደር ይሻላል፣ የአየር ማስወጫውን ግን እንዳትደፍኑት።

በቴሌቪዥን የምታዩ ከሆነ ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ሥራ ሴቲንግ ውስጥ ነው። እንቅስቃሴ የሚያለሰልሰውን አጥፉ፦ ሳምሰንግ ላይ «ኦቶ ሞሽን ፕላስ»፣ ኤልጂ ላይ «ትሩሞሽን»፣ ሶኒ ላይ «ሞሽንፍሎው» ይባላል። ፊልሙ በሰከንድ 24 ፍሬም ነው። ቴሌቪዥኑ መሀሉ ላይ የራሱን ፍሬም ፈጥሮ ሲሰካበት የአሻንጉሊቱ ጭራቅ ቁርጥ ቁርጥ የሚለው አካሄድ ይጠፋል፣ ተዋንያኑም የሰፈር ድራማ ላይ ያሉ ይመስላሉ። የምስሉን ዓይነት «ሲኒማ» ወይም «ሙቪ» አድርጉ፤ «ሻርፕነስ» የሚለውን ወደ ዜሮ ቀንሱ፣ የድሮውን ፊልም ጥራጥሬ አሸዋ ያስመስለዋልና።

5. ድምፁን አስተካክሉ

የዚያ ዘመን ርካሽ ፊልሞች ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ ሞኖ ነው፣ ማለትም ሁሉም ነገር በአንድ መስመር ይመጣል። ስለዚህ አንድ ስፒከር ከአንሶላው ሥር መሀል ላይ አስቀምጡ፤ ንግግሩ ከተዋናዩ አፍ የሚወጣ ይመስላል። ሁለቱን ማዕዘን ላይ ብታራርቋቸው መሀል ካልተቀመጠው ሰው ጆሮ ድምፁ ወደ አንዱ ጥግ ይሸሻል። «ሰራውንድ» የሚል ማስመሰያ ካለ አጥፉት። ቤዙን ቀንሱ፣ ሥሩ የታጠፈ ጋቢ አንጥፉ፤ ከታች ያለው ጎረቤት የሮኬቱን ግጭት መስማት የለበትም።

ገመድ ተጠቀሙ። ብሉቱዝ ድምፁን ያዘገየዋል፣ አፍና ቃል አይገጥምም። የግድ ብሉቱዝ ከሆነ ቪኤልሲ ላይ ጄ (J) የተባለችውን እየተጫናችሁ አስቀድሙት።

ሐምሌና ነሐሴ ላይ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ከሆናችሁ ሰብታይትል ሳይኖር አትጀምሩ። ዝናቡ ሲወርድ ድምፅ መጨመር ጩኸት እንጂ ቃል አይጨምርም።

6. ፈንድሻውን አፈንዱ

በቆሎው የሚፈነዳው ውስጡ ያለው እርጥበት ወደ እንፋሎት ሲለወጥ ነው፤ ሙቀቱ 180 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ቅርፊቱ አይችለውም። የአዲስ አበባ አየር በጋ ላይ ደረቅ ስለሆነ ክፍት ከረጢት ውስጥ የከረመ በቆሎ እርጥበቱን ያጣል፣ ግማሹም ሳይፈነዳ ይቀራል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ በቆሎውን በደንብ በሚከደን ጠርሙስ አድርጉ፣ ለግማሽ ኪሎ አንድ የሾርባ ማንኪያ ውኃ ጨምራችሁ ነቅንቁ፣ ሁለት ቀን ይቀመጥ።

ባለ 5 ሊትር ድስት ላይ ዘይቱንና ሦስት ፍሬ በቆሎ ጣሉ። ሦስቱም ሲፈነዱ ቀሪውን ጨምሩ፣ ድስቱን ከእሳት አውርዳችሁ 30 ሰከንድ ቆዩ፣ መልሳችሁ ጣዱ። ይህ ሁሉም ፍሬ እኩል እንዲሞቅና አብሮ እንዲፈነዳ ያደርጋል። ክዳኑን በትንሹ ከፈት አድርጉት፤ እንፋሎቱ ካልወጣ ፈንድሻው እንደ ጎማ ይሆናል። በሁለት ፍንዳታ መካከል 2 ወይም 3 ሰከንድ ሲቆይ አውርዱ። በዘይት የተሠራ ስለሆነ ረቡዕና ዓርብም ይሆናል።

ቆሎ ለዕረፍቱ ይቆይ። ሰባት ሰው ቆሎ ሲቆረጥም የሮቦቱ ንግግር አይሰማም።

7. ቡናውን ከፊልሙ ጋር አዛምዱ

አቦሉ ከፊልሙ በፊት፣ ቶናው በዕረፍቱ፣ በረካው ካለቀ በኋላ ይሁን። ሰዓቱ እንዲህ ይደልደል፦ 12 ሰዓት ሰው ይግባ፣ ቡናው ይቆላ፤ 12:50 አቦል፤ 1:10 ውጭው ሲጨልም ፊልሙ ይጀመር፤ 40ኛው ደቂቃ ላይ የ10 ደቂቃ ዕረፍት። እንዲህ ከሆነ የ80 ደቂቃ ፊልም 2:40 ላይ ያልቃል፣ ታክሲ የሚይዝም ሰው ሳይመሽበት ይሄዳል።

ማስጠንቀቂያ፦ ከሰሉ በረንዳ ላይ ይሁን። መስኮት በብርድ ልብስ በተሸፈነ ክፍል ውስጥ የሚነድ ከሰል ሽታ የሌለው መርዛማ ጋዝ ይለቃል፤ ሰው ራስ ምታት ብሎ ሲጀምር በጨለማ «እንቅልፉ መጣ» ይባላል፣ ይሞታልም። ማንም ሰው ራሱን ካመመው ወይም ካጥወለወለው ፊልሙን አቁሙ፣ መስኮትና በር ክፈቱ፣ ወደ ውጭ አውጡት፣ ወደ ሕክምናም አድርሱት። ቶናውን ለማፍላት ኤሌክትሪክ ምድጃ ተጠቀሙ። እጣኑም ከአቦሉ ጋር ይብቃው፤ ጭሱ የፕሮጀክተሩን ጨረር ይበትናል፣ ጥቁሩ ሰማይም ግራጫ ይሆናል።

8. ከመጀመሩ በፊት ሁለት ደቂቃ ተናገሩ

ሰው በአብዛኛው የሚዘለው ይህን ነው፤ ምሽቱን የሚያድነው ግን እሱ ነው። ሦስት ነገር ብቻ ንገሩ፦ ፊልሙ የተሠራበትን ዓመት፣ ጀግናው ምን እንደሚፈልግ፣ የዚያ ዓለም ሕግ ምን እንደሆነ። «1957 ነው፤ ሰው ገና ጠፈር ላይ አልወጣም፤ እዚህ ፊልም ላይ ግን ቬነስ ደርሰው ተመልሰዋል» ከተባለ ተመልካቹ ዛሬ ከሚያውቀው ጋር ማነጻጸሩን ይተዋል።

ከዚያ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ የሚከታተለው ነገር ስጡ። አንዱ ሮኬቱ የተንጠለጠለበትን ሽቦ፣ አንዷ መብራትና ቁልፎችን፣ ልጆቹ ደግሞ የጭራቁን ልብስ ዚፕ። የሚፈልገው ያለው ሰው ስልክ አያወጣም።

9. በሚታይበት ጊዜ

የመጀመሪያዎቹ 20 ደቂቃዎች ላይ አስተያየት አይፈቀድ። ፊልሙ ሰውና ቦታ የሚያስተዋውቀው እዚህ ነው። ከመነሻው ከተሳቀበት ለጀግናው የሚጨነቅ ሰው አይኖርም፤ መጨነቅ ከሌለ ደግሞ ሽቦው መታየቱም አያስደስትም። ከ20 ደቂቃ በኋላ መሳቅም መጮህም ይቻላል። ተዋናዩ በሙሉ ልቡ ነው የሚሠራው፣ እናንተም በሙሉ ልባችሁ ተከተሉት።

ሮኬቱ ሲያርፍ ጭሱን እዩት። በእውነተኛው ባዶ ጠፈር ጭስ ወደ ላይ የሚሄድበት ምክንያት የለም። ይህ ግን ወደ ላይ ይታጠፋል፣ ብልጭታውም ወደ ታች ይወድቃል፤ ስቱዲዮ ውስጥ አየርና ስበት አለና። ሮኬቱ የክንድ ርዝመት ያህል ነው። ከባድ እንዲመስል ከ24 ፍሬም በፈጠነ ካሜራ ይቀረጽና በ24 ይታያል፣ ስለዚህ ቀስ ብሎ ይወርዳል። እሳቱንና ጭሱን ግን ማሳነስ ስለማይቻል ያጋልጡታል። ይህን የሚነገረው ሰው ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ሮኬት ሁሉ ጭሱን እያየ ነው የሚጠብቀው።

ፊልሙን መሀል ላይ እያቆማችሁ አታስረዱ። ደቂቃውን ወረቀት ላይ ጻፉት፣ ለመጨረሻው ይቆይ።

10. መብራት ከሄደ

ላፕቶፑ ሙሉ ቻርጅ ይኑረው፤ ከአንሶላ ወደ ላፕቶፕ ስክሪን ተዛውሮ መቀጠል ይቻላል። ሁሉም ይጠጋ፣ ስፒከሩም ባለባትሪ ከሆነ ይቀጥላል። ፕሮጀክተሩን ወዲያው ከሶኬት ንቀሉ። መብራት ሲመለስ ኃይሉ ከፍና ዝቅ ስለሚል 5 ደቂቃ ጠብቃችሁ ሰኩት። አምፖል ያለው የድሮ ዓይነት ፕሮጀክተር ከሆነ ደግሞ አምፖሉ እስኪበርድ 10 ደቂቃ ያህል አትለኩሱት፤ ትኩስ አምፖል በግድ ሲለኮስ ዕድሜው ያጥራል። ኤልኢዲ ከሆነ ይህ ችግር የለም።

ሻማ አታብሩ። በአንሶላና በብርድ ልብስ በተሸፈነ ክፍል የባትሪ መብራት ይሻላል።

ብዙ ጊዜ የሚሠሩ ስህተቶች

- አምፖል አብርቶ ማየት። ጥቁሩ ጥቁር ካልሆነ ጠፈሩ ጠፈር አይመስልም። አንዲት የኮሪደር መብራት እንኳ ታበላሻለች።
- በጣም መቅረብ። ለ2 ሜትር ምስል ከ2.50 እስከ 3 ሜትር ራቁ፤ ኮፒው ደካማ ከሆነ ሌላ ግማሽ ሜትር ጨምሩ።
- ሁለት ፊልም በአንድ ምሽት። ሁለተኛው ሁልጊዜ ይጎዳል።
- ትንንሽ ልጆችን ጨረሩ መንገድ ላይ ማስቀመጥ። ወደ ፕሮጀክተሩ መስታወት ዞረው እንዳያዩ ከፊት፣ ከጨረሩ በታች አስቀምጧቸው።
- የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው መኖሩን አለመጠየቅ። የጨረር ጦርነትና ብልጭ ድርግም የሚል ላቦራቶሪ ሊቀሰቅስበት ይችላል።

11. በበረካው ላይ ፍሬም በፍሬም

ደቂቃዎቹን የጻፋችሁበትን ወረቀት አውጡ። ወደ ጭራቁ ትዕይንት ተመለሱና ቪኤልሲ ላይ ኢ (E) የተባለችውን ተጫኑ፤ እያንዳንዷ ጫና አንድ ፍሬም ብቻ ታራምዳለች። አሻንጉሊቱ ፀጉራም ከሆነ ፀጉሩን ተመልከቱ፦ ጭራቁ ቆሞ እያለ እንኳ ፀጉሩ ይርገበገባል። አንቀሳቃሹ በእያንዳንዱ ፍሬም መካከል በእጁ ስለሚነካው ነው፤ ጣቱ ያለፈበት ሁሉ ትንሽ ይተኛል። አንድ ሰከንድ ለማየት 24 ጊዜ መጫን አለባችሁ። ልጆቹ ይቁጠሩ። ያንን አንድ ሰከንድ የሠራው ሰው ስንት ጊዜ ጎንበስ ቀና እንዳለ ያኔ ይገባቸዋል፣ ቡናውም እስኪያልቅ ወሬው ይህ ይሆናል።

እንግዳው ሲሸኝ ፕሮጀክተሩን በማጥፊያው አጥፉት፣ ማራገቢያው ራሱ እስኪቆም ከሶኬቱ አትንቀሉት። አንሶላውን አትጠፉት፤ በብረቱ ላይ ጠቅልላችሁ ጥግ አቁሙት፣ ለሚቀጥለው እሑድ ሳይተኮስ ይደርሳል።